ባጭሩ የማይነገሩት እትዬ ዘነበች

ባጭሩ፣ እትዬ ዘነበች ሞቱ።

እንዲህ ብዬ መጀመሬን ቢሰሙ ከመቃብር ተነሥተው በነጠላ ጫማ ባሳደዱኝ ነበር። ምን ላድርግ፣ ዜናው የደረሰኝ እንደዚሁ ነው። ጥርሴን እየቦረሽኩ ሳለ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ በአጥራችን ሥር እያለፈ፣ "እትዬ ዘነበች ስላረፉ ቀብር ስምንት ሰዓት!" ብሎ ጮኸ። ጥሩምባውን አንዴ ነፋና ወደ ላይኛው መንደር ወጣ። በቃ፣ ይኸው ነው። አፌ አረፋ እንደሞላ በር ላይ ወጥቼ፣ ሰውየው ተመልሶ የቀረውን የሚነግረን ይመስል መንገድ መንገዱን አየሁ። "እሺ፣ ከዚያስ?" ልለው ከጅሎኝ ነበር። "እሺ፣ ከዚያስ?" የእሳቸው ቃል ነበረች።

እትዬ ዘነበችን ሰፈሩ የሚያውቃቸው በኩራታቸውና ወጥ ባለመቻላቸው ነው። ከሽሮ ሜዳ ገበያ ዝቅ ብሎ ካለ ግቢ ውስጥ በአንዲት ክፍል ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሻሻቸውን ግንባራቸው ላይ ጥብቅ አድርገው የሚያስሩ ሴት ነበሩ። የሥራ ዘመናቸውን ሁሉ በአንድ ማተሚያ ቤት ታይፒስት ሆነው ነው ያሳለፉት። የጋዜጠኛውን የእጅ ጽሑፍ በጽሕፈት መኪና ሲመቱ ማንበብ ለመዱ፣ ሲያነቡ መውደድ ለመዱ። የሚወዱት ግን አጫጭሩን ዜና አልነበረም። ጸሐፊው አንድ ሰው ዘንድ ሄዶ፣ ተቀምጦ፣ ሰንብቶ የጻፈውን ረጅም ታሪክ ነው የሚወዱት፤ ወይም አንድ ሰው ስለ ገዛ አባቱ ኮት፣ ስለ ገዛ ፍርሃቱ ገጽ በገጽ ላይ እየደራረበ የጻፈውን። እንዲህ ያለ ነገር ሲያገኙ ከመጽሔቱ ላይ ገንጥለው በመርፌና በክር ይሰፉታል። ጡረታ ሲወጡ መሥሪያ ቤቱ ጋቢ አለበሳቸው፤ እሳቸው ግን የሚኮሩት በጋቢው ሳይሆን ማዳበሪያ ሙሉ የተሰፋ ወረቀት ይዘው በመውጣታቸው ነበር።

"ሰው አይወዱም" ይባሉ ነበር። ሐሰት! ሰው ነፍሳቸው ነው። ግን ተሟልቶ ሲቀርብላቸው ነው።

እኔ የተዋወቅኋቸው በነጠላ ሰበብ ነው። የአክስቴ ልጅ ሰርግ ደርሶ ስለነበር ያዘዝኩትን ነጠላ ላጣድፍ ወደ ጋሽ አንጁሎ ሽመና ቤት ሄድኩ። ጋሽ አንጁሎ በልጅነታቸው ከጋሞ መጥተው ሽሮ ሜዳ ላይ ያረጁ ሸማኔ ናቸው። ከሁለት ወንድሞቻቸው ጋር እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ ሰደው መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ሲያመላልሱ ደረስኩ። በሩ ሥር አንዲት አሮጊት በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ሰክተው፣ ጮክ ብለው ያነባሉ።

"ጋሽ አንጁሎ፣ የኔ ነጠላ እንዴት..."

"እሽሽ!" አሉኝ ሦስቱም ሸማኔዎች ባንድ አፍ። አሮጊቷ ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም።

የሚያነቡት፣ በአንድ የአውቶቡስ ድርጅት ውስጥ ተሳፋሪ ረስቶት የወረደውን ዕቃ ስለሚጠብቅ ሰው ነው። ጃንጥላ አለ፣ አንድ እግር ጫማ አለ፣ ክራር አለ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ አለ። በፋሲካ ዋዜማ አንዲት ሴት የረሳቻት ዶሮ ሳትቀር አለች። ሰውየው ባለቤቷ ትመጣለች ብሎ ከምሳው እየቆነጠረ ሲያበላት ዶሮዋ እንቁላል መጣል ጀመረች። ታዲያ እንቁላሉ የማን ነው? የድርጅቱ ነው? የሴትየዋ ነው? ወይስ የእሱ? ነገሩ እንቅልፍ ነሥቶት አለቃውን ሊጠይቅ ይሄዳል። እኔ ነጠላዬን ረስቼ የበሩን መቃን ተደግፌ ቀረሁ።

ልክ አለቃው ሊመልስለት ሲል ጋሽ አንጁሎ፣ "ጥለት!" ብለው ጮኹ።

እትዬ ዘነበች ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ አፋቸውን ዘጉ። ከኪሳቸው ቆሎ አወጡና መቆርጠም ጀመሩ።

"ምነው? አለቃው ምን አለ?" አልኩ ሳይታወቀኝ።

"ጥለት ላይ ነው፤ አይታይሽም?" አሉኝ። "ቁጭ በይ። አይዞሽ፣ አለቃውም አይሸሽም።"

ነገሩ ኋላ ገባኝ። ነጩን ሲሠራ የሸማኔ እጅና እግር መንገዱን ያውቁታል፤ ጆሮው ነፃ ነው። ባለቀለሙ ጥለት ላይ ሲደርስ ግን ክር በክር መቁጠር አለበት። የመጀመሪያው ጫፍ ጥለት ደግሞ ከተሠራው ሸማ ጋር ተጠቅልሎ ስለሚደበቅ፣ የመጨረሻው ጫፍ ከእሱ ጋር እንዲመሳሰል በቃል መያዝን ይጠይቃል። ስለዚህ ከሦስቱ አንዱ "ጥለት!" ሲል ንባብ ይቆማል፤ ሲጨርስ "ይበሉ እትዬ" ይላል፣ ንባቡ ይቀጥላል። የቤቱ ሕግ ነው።

ሕጉ የፈረሰው ታዲያ በእኔው ነጠላ ላይ ነው። ዕድሌ! ነጠላዬን ልወስድ በሄድኩበት ቀን ጋሽ አንጁሎ ወደ መጨረሻው ጫፍ እየተጠጉ ነበር፤ ንባቡም ወደ መጨረሻው ደርሷል። ዕቃ ጠባቂው አንድ የተረሳ የሰርግ ፎቶግራፍ ከነፍሬሙ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ለዓመታት ሲያየው ኖሯል፤ እሱ ራሱ ሳያገባ አርጅቷል። አንድ ቀን ፀጉሯ የሸበተ ሴት በሩ ላይ ቆመች። ሙሽራይቱ ናት። ፎቶግራፉን አውርዶ አቧራውን ጠርጎ ሲሰጣት፣ አየችውና፣ "እኔ ቤትማ የሚያየው ሰው የለም። እዚሁ ይቆይ" ብላ መለሰችለት።

እትዬ ዘነበች ጨርሰው መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ ጋሽ አንጁሎ ወደ እጃቸው አዩና፣ "አበስኩ ገበርኩ!" አሉ።

ጥለቱን አልፈውታል። "ጥለት!" ሳይሉ፣ ሳይቆጥሩ፣ እየሰሙ ሠርተውታል። የተጠቀለለውን ፈትተው ጫፍና ጫፉን ሲያስተያዩት፣ በመጀመሪያው ላይ ከውጭ የነበረው ቀይ እዚህ ከውስጥ ገብቷል፤ መስቀሎቹም አንሰዋል።

"ይፈታል" አሉ ፊታቸው ጠቁሮ። "ጥለቱ የተሳሳተ ሸማ ከዚህ ቤት ወጥቶ አያውቅም።"

እትዬ ዘነበች ግን ፊታቸው እንደ ሙሽራ እናት በርቶ ነበር። "አንጁሎ፣ አንተ እኮ ጥለት ተሳስተህ አታውቅም!" አሉ። "ስንት ዓመት ሳነብልህ እንዲህ ያለ ምስጋና ሰጥተኸኝ ታውቃለህ? እስቲ ባለቤቷን ጠይቃት።"

ሰርጉ ደርሷል፣ እኔም እንባዬ ዓይኔ ላይ ነው፤ "እንዳለ ስጡኝ" አልኩ። እናቴ ቤት ስደርስ ነጠላውን ዘርግታ፣ "ይሄ ምን ጉድ ነው? አንዱ ጫፍ የጎረቤት ነው እንዴ?" አለችኝ። ታሪኩን ከዶሮዋ ጀምሬ ነገርኳት። እሷም የጫፉን ነገር ሁለተኛ አላነሣችም።

ከዚያ ወዲያ ሽመና ቤቱን ተለማመድኩ። ሥራዬ በስልክ ለሚነበብ የዜና ገጽ መጻፍ ነው፤ ሰው ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ የሚጨርሰውን ዓይነት። አንድ ቅዳሜ አርፍጄ ደርሼ፣ ስለ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር የሚነበበው ታሪክ ሊያልቅ ሲል ገባሁና፣ "ባጭሩ ምን ሆነ ሰውየው?" ብዬ ጠየቅሁ። እትዬ ዘነበች ወረቀቱን ጭናቸው ላይ አኖሩት።

"ባጭሩማ ሞተ" አሉኝ። "ባጭሩማ ሁሉም ሰው ይሞታል። ባጭሩ ከፈለግሽ ምን ልትሰሚ መጣሽ?"

ሸማኔዎቹ ሳቁብኝ። ከዚያ እትዬ ዘነበች፣ ከገሠጹኝ በኋላ ለስለስ የማለት ልማድ ነበራቸውና፣ ቆሎ ዘገኑልኝ፤ ታሪኩንም ለእኔ ሲሉ ከመጀመሪያው አነበቡት። ወንድማማቾቹ ደግመው ሰሙት፤ ቅር ያለው አልነበረም።

ሥራዬን አይንቁትም ነበር፤ ያዝኑልኛል እንጂ። "ቆሞ የተጻፈ ነገር ያስታውቃል" ይሉኝ ነበር። "ሰው ዘንድ ስትሄጂ መጀመሪያ የምትቀመጪበት ፈልጊ።" ቃል ብቻ መስሎኝ ነበር፣ በዓይኔ እስካየው። ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ስለ ችግኝ አጭር ዜና እንድሠራ ታዝዤ ስሄድ፣ "እኔም አየር ልቀበል" ብለው ተከተሉኝ። ችግኝ የምትንከባከበውን ሴት አነጋገርኩ፤ ምን ምን እንደሚተከል፣ መቼ እንደሚተከል ጻፍኩና አመስግኜ ልሄድ ዞርኩ። ዞር ስል እትዬ ዘነበች ባልዲ ገልብጠው ተቀምጠዋል።

"ልጄ" አሏት ሴትየዋን፣ "አልበቅልም ያለሽን ዘር ምን ትይዋለሽ?"

ሴትየዋ ሳቀች። "እማማ፣ እቆጣዋለሁ። በባሌ ስም ነው የምቆጣው።"

"ለምን በባልሽ?"

"እሱም ሲጠሩት አይመጣማ!"

"እሺ፣ ከዚያስ?" አሉ እትዬ ዘነበች፣ ሻሻቸውን እያጠበቁ።

ሴትየዋ አፈር በነካ እጇ ከጎናቸው ቁጭ አለች። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ስለ ዝግባ ዘር እልህ፣ ስለ ባሏ፣ በሕፃንነቷ እንጦጦ ላይ አባቷ በስሟ ስለ ተከለላት ዛፍ፣ ዛፉ ተቆርጦ ስላገኘችበት ቀን አወራችን። እኔ ጽፌ ለመሄድ ተዘጋጅቼ የነበረው ስለ ችግኝ ነበር። ሴትየዋን ልረሳት ነበር!

ያንን ሁሉ ጻፍኩት። አለቃዬ ስልኩን በአውራ ጣቱ ወደ ታች እየገፋ፣ ወደ ታች እየገፋ ሄዶ፣ "ማሂ፣ ማን ያነበዋል ይሄን? ባጭሩ አድርጊው" አለኝ። አጭሩ ወጣ። ረጅሙን እትዬ ዘነበች አሳትሜ እንዳመጣላቸው አዘዙኝ፤ በክር ሰፉት፤ ቅዳሜ ለሸማኔዎቹ አነበቡት። ሸማኔዎቹ ሳቁ፣ "አይ ወንድ" አሉ፣ ከንፈር መጠጡ። ዛፉ የተቆረጠበት ጋ ስንደርስ፣ እኔ ትንፋሼን ውጬ ሳለ፣ ጋሽ አንጁሎ ረጋ ባለ ድምፅ፣ "ጥለት!" አሉ።

እትዬ ዘነበች እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። "ገና ነሽ፣ የኔ ልጅ! ደህና ነው፣ ግን ገና ነሽ። ጥለት አላሳሳትሽም!"

ያን ቀን ተናድጄ ነበር። ዛሬ ሳስበው ከዚያ የተሻለ አስተማሪ አላገኘሁም። "ጎበዝ" ያለኝ ሰው ብዙ ነው፤ ምን ያህል እንደቀረኝ ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው።

አንድ ነገር ብቻ ያበሽቃቸው ነበር፤ ቀብር። መቅበሩ ሳይሆን፣ ቀብር ላይ የሚነበበው የሕይወት ታሪክ ነው። ከለቅሶ ሲመለሱ ነጠላቸውን ሳያወርዱ ሽመና ቤት ይገቡና ይጀምራሉ። "'ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ!' ይላል። የማን ዕድሜ ነው ለትምህርት የማይደርስ? 'ደግ፣ እንግዳ ተቀባይ፣ ለተቸገረ ደራሽ ነበሩ!' ይላል። አቶ እንትናን አላውቃቸውም እንዴ? ያ ሁሉ ኑሮ፣ ያ ሁሉ ጠብ፣ ያ ሁሉ ፍቅር፣ ሥጋው ሳይቀበር ታሪኩን ቀበሩት!"

ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው በኋላ በርጩማው ላይ ተቀምጬ የማነበው እኔ ሆንኩ። እሳቸው ግድግዳውን ተደግፈው፣ "አትሩጪ፤ ታክሲ ቆሞ ይጠብቅሻል?" እያሉ ይሰማሉ። አንድ ቀን አንብቤ ስጨርስ እጄን ያዙኝ።

"የኔን አንቺ ትጽፊያለሽ" አሉኝ።

"እትዬ፣ ምን ያቻኩልዎታል?"

"ስሚኝ። ደግ ነበሩ እንዳትዪ። ምን እንዳደረግሁ ንገሪያቸው፤ ደግ ከነበርኩ ራሳቸው ይድረሱበት። ክፋቴንም አትዝለዪ። ደግሞ እስከ መጨረሻው ይነበብ፣ እንዳያቋርጡት። ሌላ ኑዛዜ የለኝም።"

ጋሽ አንጁሎ ቀና ሳይሉ፣ "ሰምተናል" አሉ።

መጻፍ የጀመርኩት በሕይወት ሳሉ ነው። እየጠየቅሁ፣ እየጻፍኩ፣ እያሳቁኝ። ያረፉ ዕለት ጠዋት የጥርስ ብሩሼን ጥዬ የመጨረሻዋን ገጽ ጨረስኩ፤ አሳተምኩት፤ በእሳቸው አሰፋፍ በክር ሰፋሁት። ነጠላዬን ለሐዘን አዘቅዝቄ ለበስኩ። ጥለቱ ወደ ላይ ሲመጣ የተሳሳተው ጫፍ ትከሻዬ ላይ ሆነ፤ ያየ ይየው አልኩ።

ቤተ ክርስቲያን ፍትሐቱ ሲያልቅ ወደ ፊት ቀረብኩ። የእድሩ ሊቀ መንበር እጄ ላይ ያለውን አዩና ደነገጡ።

"ይሄ ሁሉ ምንድን ነው ልጄ?"

"የሕይወት ታሪካቸው ነው። አደራ ብለውኛል።"

"ባጭሩ አይሆንም? ዝናቡ እኮ መጣ፤ ሕዝቡም ቆሟል፤ ካህናቱም ሌላ ቀብር አለባቸው..."

"አደራ ነው እኮ፣ ጋሼ!"

"ገብቶኛል። የእህታቸው ልጅ ያዘጋጀው አለ፤ ለዛሬ እሱ ይበቃናል።"

ሬሳ ፊት ክርክር አይቻልም። የእህታቸው ልጅ፣ መልካም ሰው ነው፣ ከኪሱ አንዲት ቅጠል አወጣ። "እትዬ ዘነበች ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ..." ብሎ ጀመረ። ሰዎች አለቀሱ። እኔ በንዴት ጥርሴን ነከስኩ። "ደግ፣ እንግዳ ተቀባይ" ሲል ጋሽ አንጁሎን አየኋቸው፤ አዩኝ። ሲያነቡ በራቸውን ከውስጥ የሚቆልፉትን፣ የሚያንኳኳውን እንግዳ "ምዕራፉ አላለቀም!" ብለው የሚመልሱትን ሴት እንግዳ ተቀባይ አደረጋቸው! ዝናቡ መጣ፣ ሰው ተበተነ፣ የሰፋሁት ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ እንዳለ ቤቴ ገባሁ። ያን ያህል የተሸነፍኩበት ቀን አላስታውስም። ሴትየዋ በሕይወታቸው አንድ ነገር ለምነውኛል፤ እሷኑ አላደረግሁላቸውም።

በሠልስቱ ማግስት ጋሽ አንጁሎ ደወሉ። "ነይ" አሉኝ። "ወረቀቱን ይዘሽ ነይ።"

ስገባ በርጩማው በቦታው አለ። ማንም አልተቀመጠበትም። ወንድማማቾቹ እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ እንደሰደዱ ናቸው። በሩ ሥር ደግሞ የእህታቸው ልጅ ከእድሩ ሊቀ መንበር ጋር አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ጋሽ አንጁሎ ናቸው የጠሯቸው።

"ተቀመጪ" አሉኝ ወደ በርጩማው እያሳዩኝ። "እንዳትሮጪ።"

ተቀመጥኩና ጀመርኩ። በጽሕፈት መኪና ሲመቱ አንድ ታሪክ አስለቅሷቸው ቀለሙን በእንባ አበላሽተው ከአለቃቸው ጋር ስለ መጣላታቸው። አንድ ሊያገባቸው የመጣ ሰው፣ የሚወዱትን ጽሑፍ ሲያነቡለት እንቅልፍ ስለወሰደው "ደህና እደር" ብለው ስለ ማሰናበታቸው። ይህን ሲሰሙ ሊቀ መንበሩ ጮክ ብለው ሳቁ፤ ቀጥለው አፈሩና ኮታቸውን አስተካከሉ። ከታናሽ እህታቸው ጋር በአንድ ክፉ ቃል ተቀያይመው ለዓመታት ሳይነጋገሩ እህትየው ስለ መሞቷ፤ "ክፋቴንም አትዝለዪ" ያሉኝ ይህን ነበር። የእህታቸው ልጅ አንገቱን ደፋ። እናቱን ነው የማነበው። ልተወው ወይ ብዬ ቀና ስል፣ ዓይኑን በመዳፉ እየጠረገ፣ "እሺ፣ ከዚያስ?" አለኝ።

ከዚያማ አለ፤ እህታቸው ከሞተች በኋላ እንጦጦ ማርያም ወጥተው ደጀ ሰላሙ ላይ ለማያውቋት ሴት ጠቡን ከመጀመሪያው ጀምረው መናገራቸው፣ ሴትየዋ አለማቋረጧ። "እስከ መጨረሻው የሰማኝ ሰው አገኘሁ፤ ከዚያ ነው መተኛት የቻልኩት" ማለታቸው። ይህን ሳነብ የጋሽ አንጁሎን እጅ አየሁ። ቀይ ክር ገብቷል። ጥለት ላይ ናቸው።

እንደ ልማዴ ዝም አልኩ።

"ማን አቁሚ አለሽ?" አሉኝ።

"ጥለት ላይ ነዎት እኮ፣ ጋሽ አንጁሎ። ይሳሳታል።"

መወርወሪያውን ወርውረው በሌላው እጃቸው ተቀበሉት። ዓይናቸው ግን ሸማው ላይ አልነበረም።

"ይሳሳት" አሉ። "አንብቢ።"